የጌም ቤቱ ተዋጊ

ፀጋ የተዋጊውን ግራ ዓይን እንደገና አጠፋችው። የቀለም ማቅጠኛ ውስጥ የነከረችውን ጨርቅ ግድግዳው ላይ ስትጫነው ቀለሙ ሟሙቶ ወደ ጉንጩ ወረደና የተኮሳተረው ፊት ባንድ ጎኑ የሚያለቅስ መሰለ። መሰላሉን ባንድ እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብላ አየችው። ትጥቁ ሆኗል። ካባው ሆኗል። ከጀርባው የሚንቦለቦለው ጭስ ሳይቀር ሆኗል። አልመጣ ያላት ዓይኑ ብቻ ነው።

ከሥሯ ጌም ቤቱ ገና በጠዋቱ ሞልቷል። ተማሪዎች በጣውላ አግዳሚዎች ላይ ተደርድረው ጆይስቲክ ላይ አቀርቅረዋል። በአንዱ ስክሪን ኳስ፣ በሌላው ተኩስ ነው። ጎል በገባ ቁጥር የሚነሣው ጩኸት መሰላሉን ይነቀንቀዋል።

“ፀጊ፣ ሰውየውን ቶሎ ጨርሺው በናትሽ! እያፈጠጠብኝ ተሸነፍኩ እኮ” አላት አንዱ ከታች።

“በሱ አታመካኝ፤ እሱ ገና ዓይን የለውም” ስትለው ጓደኞቹ ሳቁበት።

ፀጋ ዲላ ውስጥ በሥራዋ ትታወቃለች። የፀጉር ቤት ማስታወቂያ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የሚጻፍ ጥቅስ፣ የቡና መጋዘን በር ላይ ያለ የማኅበር ስም፣ አብዛኛው የእሷ እጅ ነው። ፊት ሳይ ስትባል ግን ደንበኛ የሚፈልገው ሁሌም አንድ ነው፤ የምትስቅ ሙሽራ፣ የሚስቅ ሕፃን፣ ምግብ ቤት ከሆነ ደግሞ የሚስቅ ዶሮ። ስለዚህ የጌም ቤቱ ባለቤት ሙሌ ስልኩን አውጥቶ የአንድ የጦርነት ጌም ሽፋን ሲያሳያትና፣ “እንዲህ ያለ ሰው ግድግዳዬን ሙሉ ሳይልኝ” ሲላት፣ ስልኩን ተቀብላ ብዙ ቆየች። ሽፋኑን የሳለው ሰው ምንም አላሳመረም። ግማሹን ፊት በእሳት ብርሃን፣ ግማሹን በሰማያዊ ጥላ ከፍሎ፣ አጥንቱን አጋኖ፣ ብሩሹ ያለፈበትን መንገድ እንኳ ሳያለሰልስ ነው የተወው። ያን ፊት የሚያይ ሰው ተዋጊው ምን እንደደረሰበት መጠየቅ ያምረዋል።

“ፊቱን እንደፈለግሁ ልሥራው?” አለችው።

“እንዳሻሽ” አላት ሙሌ፣ ለዕቃ ወደ ሀዋሳ ለመሄድ እየተጣደፈ።

እሷም ያሻትን ሠራች። የትከሻውን ብረት እንደ እንሰት ግንድ ሽፋን አንዱን ባንዱ ላይ ደረበችው። ከካባው ቆብ ሥር ደግሞ የወንድሟን የደመላሽን ፊት አወጣች፤ ሰፊ ግንባሩን፣ ከጆሮው ሥር ያለችውን የቃጠሎ ጠባሳ፣ ሲጨንቀው የሚነክሰውን የታችኛውን ከንፈር።

ደመላሽ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ መንገድ ከወጣ ሁለት የቡና ለቀማ አልፏል። ለመንገዱ እናታቸው ኮንጋ ካለው የቡና ማሳቸው ግማሹን ለብዙ ዓመት በኮንትራት ሰጠችለት። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ሌላ ጥሪት አልነበራቸውም። ዛሬ እናታቸው በገዛ ማሳዋ ላይ ለሌላ ሰው በቀን ሥራ ቡና ትለቅማለች። ደመላሽ መጀመሪያ ሰሞን ናይሮቢ ነኝ እያለ ይደውል ነበር፤ የሚደውለውም በሙሌ ስልክ ላይ ነው። ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነ። ሙሌ ከደመላሽ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የተማረ፣ ከአንድ ትሪ የበላ ጓደኛው ነው። ወሬ የሚያጠያይቅላቸው እሱ፣ እናቷን “እናቴ” እያለ በየበዓሉ የሚጠይቃት እሱ፣ “አብረውት የነበሩ ልጆች ታንዛኒያ ድንበር ላይ ተለየን ይላሉ” ብሎ አንገቱን ደፍቶ የነገራቸውም እሱ ነበር።

እናቷ የጾም ጸሎት ይዛ ጠበቀች። ጠብቃ ጠብቃ ሰውነቷ አለቀ። ባለፈው ሰሞን አጎቷ በቀለና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡና፣ “እንዲህ ተንጠልጥለሽ አትቅሪ፤ አልቅሺለትና ይውጣልሽ” አሏት። ለቅሶው ለቅዳሜ ተቆረጠ። ቅዳሜ ነገ ነው። ፀጋም ፊቱን ዛሬ ለመጨረስ የተጣደፈችው ለዚህ ነበር። ነገ ሁሉም ሞቷል ብለው ከመቀመጣቸው በፊት፣ አንድ ቦታ ላይ በቁመናው እንዲቆም ፈለገች።

ዓይኑ ግን አልታዘዝ አላት። የምትፈልገው የመጨረሻውን ቀን ፊት ነው። ደመላሽ በሄደበት ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ በመስኮት ሲሰናበታቸው አንድ ዓይነት አስተያየት ነበረው። ፍርሃት ነው ብላ በፍርሃት ሳለችው፤ ሌላ ሰው ሆነባት። ናፍቆት ነው ብላ እንባ ያቀረረ አስመሰለችው፤ አሁንም ሌላ ሰው ሆነ። ጀግና ይሁን ብላ ብሌኑ ላይ የብርሃን ነጥብ ጣል አደረገችበት፤ ይሄኛውማ ጭራሽ እሱ አይደለም።

ሙሌ ከሀዋሳ ተመልሶ የገባው ይህን ጊዜ ነው። የስክሪን ካርቶን አቅፎ በሩን በትከሻው ገፋ አደረገና ቀና ሲል ባለበት ቀረ። ካርቶኑን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

“ይሄ ማነው?” አለ።

ፀጋ ፈገግ አለች። “አላወቅከውም?”

“ፀጋ፣ ማነው አልኩሽ?”

“ደሜ ነዋ። ጠባሳውን እያየህ?”

ሙሌ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ተጫዋቾቹ እንዳይሰሙ ወደ መሰላሉ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ቀይሪው። ቆቡን ወደ ታች ሳቢውና ፊቱን ሸፍኚው። ወይ ጭንብል አልብሺው።”

“ለምን? እንዳሻሽ አላልከኝም?”

“የሞተ ሰው ሥር ማን ይጫወታል? ገበያዬን ልትዘጊው ነው?”

“ሞቷል አትበል!” አለችው ሳታስበው ጮክ ብላ። ከዚያ ራሷን ገዛች። “እኔ ገና አላልኩም። ነገ ሁላችሁም ትላላችሁ። ቢያንስ ዛሬን...”

ሙሌ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አንሥቶ ወዲያው መለሰው። ፀጋ የጓደኝነት ሐዘን መስሏት አንጀቷን በላው። መሰላሉ ላይ እንዳለች ጎንበስ ብላ ትከሻውን ነካ አደረገችው። “አውቃለሁ ሙሌ፣ አንተንም ይከብድሃል። ዓይኑን ልጨርስለት። ከለቅሶው በኋላ ካልወደድከው እኔው ራሴ አጠፋዋለሁ።”

“ከለቅሶው በኋላ አይሆንም። ዛሬ” አለና ስልኩን ከኪሱ እያወጣ በጓሮ በር ወጣ። በበሩ ክፍተት ሲንጎራደድ አየችው። አንድ እጁን እያወናጨፈ ለሆነ ሰው አጥብቆ ይናገራል።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ስክሪኖቹ ባንድ ጊዜ ጥቁር ሲሆኑ ቤቱ በማጉረምረም ተሞላ። ገሚሱ ለሻይ ወጣ፤ ሙሌ ጓሮ ጀነሬተር ሊያስነሣ ገመዱን ሲጎትት ይሰማል። ፀጋ ከመሰላሉ ልትወርድ ስትል አንዲት ተማሪ የስልኳን መብራት ወደ ግድግዳው አበራችላት። ሉሲ ትባላለች፤ የሀዋሳ ልጅ ናት፤ አልፎ አልፎ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ትመጣለች።

“እንዴ!” አለች ሉሲ። “ደሜን ነው እንዴ የሳልሽው?”

ፀጋ፣ ደመላሽ ድሮ ዲላ ሲማር ያወቀችው መሰላት። “ታውቂዋለሽ? የት ነው የምታውቂው?”

“ሰፈራችን ነዋ። ታቦር ተራራ ሥር ጌም ቤት አለው አይደል? ትንሹ ወንድሜ እኮ እዚያ ነው የሚውለው፣ እናቴ በስንት ጭቅጭቅ ነው የምታስወጣው።” ሳቀች። “ወላሂ ቁርጥ እሱን! ካባ ሲለብስ ያምርበታል።”

“ሌላ ሰው ይሆናል” አለች ፀጋ። ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመስል አላት። “የኔው ወንድም ነው። ከአገር ከወጣ ቆይቷል።”

“ጆሮው ሥር ይቺ ጠባሳ አለችው እኮ። ከንፈሩንም ሲሸነፍ እንዲሁ ነው የሚነክሰው።” ሉሲ መብራቱን ወደ ባዶው ዓይን አዞረችው። “ዓይኑን ስትሠሪው ግን ቀጥ አድርገሽ እንዳታሳይው። ደሜ ሰውን ፊት ለፊት አያይም። ሲያወራሽ ራሱ የሆነ ጎንሽን ነው የሚያየው።” ከዚያ የፀጋን ፊት አየችና ሳቋን አቆመች። “ቆይ፣ ፎቶ ሳይኖረኝ አይቀርም። የወንድሜ ልደት ላይ የተነሡት።”

ፎቶውን ፈልጋ አሰፋችውና ወደ ላይ ዘረጋችላት። አምስት ስድስት ልጆች ኬክ ከበው ቆመዋል። ከኋላቸው ደመላሽ ተቀምጧል፤ ትንሽ ወፍሯል። ጭኑ ላይ ገና ጥርስ ያላወጣች ሕፃን አቅፏል። ከጎኑ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚስቀው ሙሌ ነው።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። በሕይወት አለ! እልል ልትል ትንፋሿን ሳበች። ዓይኗ እንደገና የሙሌ ክንድ ላይ ሲያርፍ ግን እልልታው እዚያው ቀረ። ሕፃኗን አየች። የልደቱን ኬክ፣ ከኋላ የተደረደሩትን ስክሪኖች አየች። ከዚያ ዞር ብላ ያለችበትን ቤት አየችው፤ አግዳሚዎቹን፣ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች፣ አሁን የገባውን ካርቶን። የእናቷ ቡና አንድ በአንድ እየተነቀለ እዚህ ግድግዳ ሥር የተተከለ መሰላት።

“ሕፃኗ የማን ናት?” አለች።

“የሱ ናት መሰለኝ። ሚስቱን አላውቃትም።” ሉሲ ስልኳን ወደ ደረቷ መለሰችው። “እህቴ፣ የሆነ ነገር ተሳሳትኩ እንዴ?”

“አልተሳሳትሽም” አለች ፀጋ፤ ከመሰላሉም ወረደች።

ጓሮ ስትደርስ ሙሌ ጀነሬተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። እጇ ላይ ያለውን ብሩሽ አላስቀመጠችውም፤ ጫፉ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል።

“ሕፃኗ ማን ትባላለች?” አለችው።

“የምን ሕፃን?”

“የወንድሜ ልጅ። ስሟን ንገረኝ፤ አክስቷ ነኝ አይደል?”

ሙሌ የጀነሬተሩን ገመድ ለቀቀው። ቀና አላለም። ለረጅም ጊዜ የነዳጁን ክዳን ሲያጠብቅና ሲያላላ ቆየ።

“ሳሮን” አለ በመጨረሻ።

ስሙን ስትሰማ የጓሮው ግንብ ላይ ተደገፈች።

“ፀጊ፣ ስሚኝ” አለ ሙሌ፤ “እኔ አይደለሁም የጀመርኩት። ሞያሌ ደርሶ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። እዚያ ከመንገዱ ተርፈው የተመለሱ ልጆች አየ። ፈራ። ተመልሶ ቤት ለመግባት ደግሞ አፈረ። ማሳው ተሰጥቶ፣ አገር ጸልዮለት ሸኝቶት እንዴት ይመለስ? ‘ሀዋሳ ላይ ልሥራበትና ገንዘቡን እጥፍ አድርጌ ይዤላቸው ልግባ’ አለኝ። ለሁለት ሦስት ወር ብሎ ነው።”

“ናይሮቢ ነኝ እያለ የደወለው?”

“ከሀዋሳ ነው።”

“ታንዛኒያ ድንበርስ? አንገትህን ደፍተህ እናቴ ፊት ያልቀስከውስ?”

“ምን ላድርግ? ጥያቄው በዛ። አንድ ነገር ከተናገርሽ በኋላ እሱን ለማቆም ሌላ ትናገሪያለሽ።”

“ይሄ ቤትስ?”

ሙሌ ዓይኑን ወደ ጀነሬተሩ መለሰ። በማሳው ገንዘብ የተከፈተ መሆኑን ከዚያ አወቀች።

“ፈርቶ ቢመለስ እኮ” አለች ፀጋ፤ “እናቴ በእልልታ ነበር የምትቀበለው። ማሳው ይቅርና ቤቱ ቢሄድ ልጄ ተረፈልኝ ብላ አገር ነበር የምትጠራው። አንተ ደግሞ... ሙሌ፣ የነገውን ለቅሶ ድንኳን እኔ እችላለሁ ያልከው አንተ ነህ! ወንበሩን ከይርጋጨፌ አስጭነህ የላክኸው አንተ ነህ! በሕይወት ላለ ሰው!”

“እሱ ነው ያለኝ” አለ ሙሌ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። “‘አልቅሰው ይገላገሉኝ፤ እሷም ከመጠበቅ ታርፋለች’ አለኝ።”

ሰው ራሱን በቁሙ ሊያስቀብር፣ ጓደኛው ደግሞ ድንኳን ሊከራይለት። በየበዓሉ የመጣላቸው ዘይትና ስኳር፣ “እናቴ” የሚለው ቃል፣ ይህ የግድግዳ ሥራ ራሱ፣ ሁሉም ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰባት።

“ደውልለት” አለችው።

“ፀጊ...”

“ደውል!”

ሲደውል ስልኩን ከእጁ ወሰደችው፤ አንዴ እንኳ ሳይጠራ ነው የተነሣው። “አጠፋችው?” አለ የደመላሽ ድምፅ፤ ምንም ሰላምታ አልነበረውም። የጠየቀው ስለ ስዕሉ ነበር።

“አላጠፋሁትም” አለች።

በወዲያኛው በኩል ቴሌቪዥን ይጮሃል። ሕፃን ታጉተመትማለች። በር ሲዘጋ ተሰማና ጸጥ አለ።

“ፀጋዬ” አለ። ሕፃን ሆና እያዘላት ቡና ለቀማ ሲወስዳት እንዲያ ነበር የሚጠራት። እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ።

“ደህና ነህ ደሜ?”

“ደህና ነኝ። በእግዚአብሔር፣ አትጩኺብኝ። እመጣ ነበር። ሁልጊዜ እመጣለሁ ነበር የምለው። ከዚያ ልጅ ተወለደች፤ ከዚያ እንዴት አድርጌ...” ትንፋሹን ሰበሰበ። “ለእማዬ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አሁን ግን ነገ ስለሆነ፣ አንቺ ቀድመሽ እንዲህ በያት፤ ታንዛኒያ ታስሮ ነበር፣ ስልክም አልነበረውም፣ አሁን ተፈትቶ እየመጣ ነው በያት። ሰዉም ይሄን ይረዳል። የታሰረን ሰው ማንም አይቀየምም። እሷንም ደስ ይላታል። ማንንም አይጎዳም እኮ፣ ፀጋዬ።”

“ማሳውንስ እስር ቤት በላው ልበላት?”

“እመልሰዋለሁ።”

“የሷን ሁለት ዓመትስ?”

ከንፈሩን እየነከሰ እንደሆነ በስልክ ውስጥ ታወቃት። ዓይኑ የት እንዳለም ጭምር።

ስልኩን ለሙሌ መለሰችለትና ወደ ውስጥ ገባች። መብራቱ አልመጣም፤ በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተ የመንገዱ ብርሃን ግድግዳው ላይ ወድቋል። ሉሲና ጓደኞቿ አልሄዱም ነበር፤ ቦታ ለቀቁላት። ፀጋ መሰላሉ ላይ ወጥታ ብሩሹን አጠበች። ከዚያ ሳታመነታ ሠራችው። የላይኛውን ሽፋሽፍት ዝቅ አደረገችው። ብሌኑን ወደ ጥግ፣ ወደ ሰማያዊው ጥላ ገፋችው። ጀግና እንዲያስመስለው ያሰበችውን የብርሃን ነጥብ ተወችው፤ በቦታው ከዓይኑ ሥር አንድ ደብዛዛ ብርቱካናማ መስመር ብቻ ሳበች፣ እሳቱ ያለበትን እያወቀ ፊቱን እንዳዞረ ሰው። ስትጨርስ ወረደችና ከበሩ አጠገብ ሆና አየችው።

እሱ ነበር። ሚኒባሱ መስኮት ላይ ያየችው ፊት ይሄው ነው። ያን ቀን ፍርሃት ይሁን ናፍቆት ያልገባት ነገር ኀፍረት ነበር። ሳይበድል በፊት ያፈረ ሰው ፊት። ምናልባት ገና ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ እንደማይዘልቀው ያውቅ ነበር። ምናልባት ያን ጊዜ አንድ ሰው “ውረድ፣ ይቅርብህ” ቢለው ይወርድ ነበር። ማንም አላለውም፤ ሁሉም እያለቀሱ እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር።

“ያስፈራል” አለ ከተማሪዎቹ አንዱ በሹክሹክታ።

“አያስፈራም” አለች ሉሲ። “ያሳዝናል።”

ሙሌ ከጓሮ በር ላይ ቆሞ ነበር። “ፀጊ፣ ነገ ቀለም አስቀባበታለሁ” አለ ልመና በሚመስል ድምፅ። “እዚህ እያየኝ መሥራት አልችልም።”

“አስቀባው” አለችው። “ቤቱ ያንተ ነው ከተባለ።” ብሩሾቿን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ይርጋጨፌ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሲያወራ አትሰማም ነበር። ወናጎን ሲያልፉ ዝናብ ጀመረ። ከእንሰቱ ሥር ቀይ ቡና በሸራ ላይ ያሰጡ ሰዎች ሸራቸውን እየጠቀለሉ ይሮጣሉ። “ታስሮ ነበር” የሚለውን ቃል በልቧ ሞከረችው። ቀላል ነው። ሦስት ሰው ብቻ ነው እውነቱን የሚያውቀው። እናቷ ነገ ከለቅሶ ይልቅ ዳቦ ትቆርሳለች፤ ደመላሽ ከስቶ ሳይሆን ወፍሮ ቢመጣ እንኳ ማን ይጠይቃል? ሰው ደስ ሲለው አይመረምርም። እናቷ ልጇን በሙሉ ልቧ ታገኘዋለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ፀጋ አንድ ጊዜ መዋሸቷ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ከዚያ ሌላ።

ከይርጋጨፌ በሞተር ኮንጋ ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ግቢው ውስጥ አጎቷ በቀለ ከጎረቤት ወንዶች ጋር የድንኳኑን ምሰሶ ያቆማል። ሙሌ የላካቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው ዝናብ ወርዶባቸዋል።

“መጣሽ ልጄ?” አላት በቀለ እጁን በሱሪው እየጠረገ። “ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?”

“አጎቴ፣ ድንኳኑን ትንሽ አቆዩት” አለችው። “እማዬን ላናግራት።”

“ምን ሆኖ ነው የሚቆየው? ሰው ከወናጎ ሁሉ እየመጣ እኮ ነው።”

“ትንሽ ብቻ። እለምንሃለሁ።”

እናቷ ጓዳ ውስጥ ቆማ ነበር። የተዋሰችው ጥቁር ቀሚስ ሰፍቷት፣ ጎረቤቷ ጎኑን በመርፌ ታጠብብላታለች። እንዲህ ቆማ ስትታይ ቀሚሱ ብቻውን የቆመ ይመስል ነበር። ፀጋ ጎረቤቷን በአክብሮት ለምና አስወጣቻትና በሩን ዘጋች። ከዚያ የእናቷን ሁለት እጆች ያዘች፤ በቡና ለቀማ የሻከሩ፣ ጣታቸው ጫፍ ላይ የተሰነጠቁ እጆች ናቸው።

“እማዬ፣ የምነግርሽን ተቀምጠሽ ስሚኝ።”

“ቀሚሱ ይተረተራል፤ ቆሜ ንገሪኝ።”

“ደሜ አለ። በሕይወት አለ። ዛሬ በጆሮዬ ድምፁን ሰማሁት።”

እናቷ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ከዚያ በጌዴኦኛ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ “ማን?” አለች። ፀጋ ደገመችላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትደግምላት እናቷ ቀሚሱን ረስታ መደቡ ላይ ዘጭ አለች፤ ክሩ ሲበጠስ ተሰማ። በሁለት እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘች። ከውስጥ የወጣው ድምፅ ለቅሶም ሳቅም አልነበረም። “ጌታዬ! ጌታዬ!” እያለች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተወዛወዘች። ፀጋ አቀፈቻት። የእናቷ ልብ በቀሚሱ ውስጥ እንደታሰረ ወፍ ሲመታ ተሰማት።

ሲረጋጋላት እናቷ ቀና ብላ ዓይኗን በጥቁሩ እጅጌ ጠረገች። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

“የት ነው ያለው?”

“ሀዋሳ።”

“ሀዋሳ...” እናቷ ግንባሯን ሰበሰበች። ሀዋሳ ሩቅ አይደለም። የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ፀጋ በእናቷ ፊት ላይ ሐሳቡ ሲመጣ፣ እናቷም ሐሳቡን ስትገፋው አየች። “መቼ ገባ? ዛሬ ነው የገባው? ትናንት?”

ፀጋ እጇን ወደ እናቷ እጅ ዘረጋች።

“ታስሮ ነበር” አለች እናቷ ፈጠን ብላ። የፀጋን እጅ አጥብቃ ጨመቀችው። “ሰዎችም ብለውኝ ነበር፤ በሰው አገር ያስራሉ፣ ስልክ ይቀማሉ ብለውኛል። ታስሮ ነው እንጂ ልጄማ እኔን እንዲህ አያደርገኝም። አይደለም ፀጋ? ታስሮ ነበር፣ አይደል?”

ውጪ የወንዶቹ ድምፅ ጸጥ ብሏል። አጎቷ በበሩ ስንጥቅ በኩል ሲያዳምጥ ጥላው ይታያል። የእናቷ ዓይኖች ቀጥ ብለው ያዩዋታል፤ አንዲት ቃል ብቻ እየለመኑ።

ፀጋ የቀሚሱ ጎን ላይ የቀረው መርፌ እናቷን እንዳይወጋት በቀስታ ነቅላ አወጣችውና ግድግዳው ላይ ሰካችው። ከዚያ መደቡ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች፤ እጇንም አልለቀቀችም።

“አይ እማዬ” አለች። “አልታሰረም።”